ተስፋ የቆረጥነው በየተራ ነው

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የድሮ ጓደኛሞች ተሰብስበን ስንጫወት አንዱ ወሬውን አቋረጠና «ለመሆኑ እናንተ በዚህ ሰውዬ ተስፋ የቆረጣችሁት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንን ማለትህ ነው ያለ የለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ማለቱ ነበር። ሁሉም ቀኑን ያውቃል።

አንደኛው «ሰኔ 15» አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን የተገደሉበት ቀን። ሁለተኛዋ «ሃጫሉ የተገደለ ዕለት» አለች። መቐለ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን «ጥቅምት 24» ሲል ዓመቱን መጥራት አላስፈለገውም። ቤተሰቡ ጎጃም ያለው ደግሞ 2015ን ጠራ። ነጋዴው ትንሽ አሰበና ሐምሌ 22 ቀን 2016 አለ፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። በመጨረሻ አንዱ «እኔማ ገና አልቆረጥኩም» ሲል ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ቀይ ብሎም ትንሽ ተከራከረን። ስለ ህዳሴው ግድብ አነሣ፣ ስለ አዲስ አበባ መንገዶች አነሣ፣ ከዚያ ቡናው መጣና ወሬው ተቀየረ።

ወደ ቤቴ ስሄድ ያልለቀቀኝ የቀኖቹ አለመገጣጠም ነው። ከእኔ ሌላ ስድስት ሰው፣ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አምስት የተለያየ የቀብር ቀን። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ገና እያጨበጨበ ነበር ማለት ነው።

የ2010ን ክረምት ዛሬ ላልነበረ ሰው መንገር ይከብዳል። አገሩ ሦስት ዓመት ያህል ሲታመስ ከርሟል። አንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተነሣ ሲባል ሌላ ይታወጃል። የካቲት 8 ቀን አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በዚህ አገር ወንበሩን በፈቃዱ የሚለቅ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ ያ ብቻውን ወሬ ነበር። መጋቢት 24 ቀን ደግሞ የ41 ዓመት ጎልማሳ በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆመው ኢትዮጵያን በተደጋጋሚ በስሟ ሲጠሩ፣ እናታቸውንና ባለቤታቸውን ሲያመሰግኑ፣ ተቃዋሚዎችን ተፎካካሪ ሲሉ ስንቱ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ እንባውን ጠረገ። ፖለቲካ የሚባል ነገር ቤቷ እንዳይነሣ የምትከለክለው አክስቴ ድምፁን ጨምሩት ያለችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ዜናው ፋታ አልሰጠንም። ማዕከላዊ የሚባለው እስር ቤት ተዘጋ። ተዘግተው የኖሩ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ። ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ ከሽብርተኛ መዝገብ ተሰረዙ። በሐምሌ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ ወረዱና የስልክ መስመሩ ሲከፈት አዲስ አበባ ያለ ሰው የማያውቀውን የአስመራ ቁጥር እየደወለ «ሰላም ናችሁ?» ይል ጀመር። ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒያፖሊስ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ተባለ። አቡነ መርቆሬዎስ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ስደት በኋላ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በአንድ አውሮፕላን ተመለሱ። ውጭ ያለው ወገን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ተጠየቀና ብዙው አላቅማማም። ፎቷቸው የታተመበት ቲሸርት በየመንገዱ ይሸጥ ነበር፤ ታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ከቅዱስ ሚካኤል ጎን ተለጥፈው ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰኔ 16 ቀን መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ተወርውሮ እንኳ ሰው ከመበተን ይልቅ ደም ለመስጠት ተሰለፈ።

ያ ሁሉ ውሸት ነበር የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የተፈቱት እስረኞች እውነተኛ እስረኞች ነበሩ። የታረቁት ጳጳሳት እውነት ታርቀዋል። ኋላ በመስከረም 30 ቀን 2012 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲታወጅም ሸላሚዎቹ ከሜዳ ተነሥተው አልነበረም።

ነገር ግን ያው ዓመት ሌላ መዝገብም አለው። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል በ2018 እ.ኤ.አ. በግጭት ምክንያት አዲስ ከተፈናቀለው ሕዝብ ከዓለም ትልቁን ቁጥር የመዘገበው በኢትዮጵያ ነው፤ 2.9 ሚሊዮን ገደማ። ከዚህ ውስጥ ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተነቀለው ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። ወቅቱን ልብ በሉ፤ እኛ አስመራ ስንደውል እነሱ ዝናብ ላይ ነበሩ። ከእነሱ አንድ ሰው በዚያ የጓደኞቼ ጨዋታ ላይ ተገኝቶ ቢሆን የእሱ ቀን ከሁላችንም ቀን ይቀድም ነበር። ምናልባትም ለመቁረጥ የሚሆን ተስፋ ለመያዝ ጊዜ አላገኘም።

ያኔ ስለእነሱ የሚጮህ ሰው ሲመጣ ምን ይባል እንደነበር አልረሳሁትም። «ጊዜ ስጡት እንጂ!» «የ27 ዓመት ቆሻሻ በአንድ ክረምት ይጸዳል እንዴ?» «ለውጡን የሚያደናቅፉ ናቸው ይህን የሚያራግቡት።» ይህ አነጋገር ከቤተ መንግሥት የመጣ አልነበረም፤ ከእኛው ከቡና ጠረጴዛ፣ ከእኛው ፌስቡክ ነው። መንግሥት ኋላ ወስዶ በማይክሮፎን ደገመው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሌ በአንድ ቅርጽ ነው የሚመጣው። አንድ ወገን ላይ መከራ ይወርዳል፤ ያ ወገን ተስፋ ይቆርጣል፤ ገና ተራው ያልደረሰው ወገን ደግሞ የቆረጠውን ይገሥጻል። ቀጥሎ ገሣጩ ተራው ይደርሳል። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክ፣ ባንክ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መቐለ ያለችውን እናቱን ድምፅ መስማት ያልቻለው ጓደኛችን በሥራ ቦታው ምን እንደሚያስብ እንዳይታወቅበት ፊቱን ሲያጠና ይውል ነበር። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አልደወልንለትም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ በአማራ ክልል የተነሣውን ውጊያ ተከትሎ አዋጅ ታወጀ፤ ጎንደርና ጎጃም ላይም መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። የጎጃሙ ጓደኛችን በዚያ ሰሞን ለመቐለው ደውሎ «አሁን ገባኝ» ቢለው፣ ያኛው «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ ብሎ ዝም አለ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይህን ሲያወሩት ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን የሚያስቅ ሳቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ። ብስጭታችን ብዙ ነው፣ እጅግ ብዙ፤ ግን አንድ ቀን ላይ ስላልተገናኘ አንድ ነገር ሊሆን አልቻለም። በየተራ ስለቆረጥን እርስ በርስ ቂም ያዝን። ኦሮሞው «እኔ ስታሰር የት ነበርክ?» ይላል፤ ትግሬው «እኔ ስራብ የት ነበርክ?» ይላል፤ አማራው «እኔ ስፈናቀል የት ነበርክ?» ይላል። ጥያቄው ሁሉም ትክክል ነው። ተጠያቂው ግን ሁልጊዜ ጎረቤት ነው፤ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው በሦስቱ ጥያቄዎች መካከል እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

እኔ በዚያን ዕለት ተራዬ ሲደርስ የተናገርኩት ቀን ለሌሎቹ አስቂኝ ሆነባቸው። ደም ያልፈሰሰበት፣ ማንም ያልታሰረበት ሰሞን ነው፤ ኅዳር 2012፣ ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና የተመሠረተ ጊዜ። «ለኢሕአዴግ ነው እንዴ ያዘንከው?» ብለው ቀለዱብኝ።

ለኢሕአዴግ የሚያዝን ሰው አይደለሁም። በ2007 ምርጫ ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም መቀመጫ የወሰደ፣ አንድ ለአምስት አደራጅቶ ጎረቤትን በጎረቤት ሲያስጠብቅ የኖረ ድርጅት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ ዶክተር ዐቢይን ያመጣቸው አደባባይ የወጣው ወጣት የከፈለው መሥዋዕትነት ቢሆንም፣ ወንበሩ ላይ ያስቀመጣቸው ግን የድርጅቱ የምክር ቤት ድምፅ ነው። ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን እያንዳንዳቸው 45 ሰው፣ በድምሩ 180። መጋቢት 18 ቀን 2010 በር ዘግተው፣ ሳምንት ያህል ተጨቃጭቀው ድምፅ ሰጡ። አቶ ደመቀ መኮንን ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ዶክተር ዐቢይ 108 ድምፅ አገኙ። ሌላ ስም ለመረጡ ሰዎችም ድምፃቸው ተቆጠረ። በር ተዘግቶ ነው፤ ሕዝብ አላየውም፤ ግን ውድድር ነበር። የአንዱ ድርጅት ቅሬታ ከሌላው ድርጅት ቅሬታ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝቶ ያልተጠበቀ ውጤት አወጣ። ኦሮሞና አማራ በአንድ ቀን የተገናኙት ያኔ ነው፤ ሰዉም «ኦሮማራ» ብሎ ስም አወጣለት።

ስለዚህ ውሕደቱ ሲመጣ እኔን ያስፈራኝ እዚያ ክፍል ምን እንደሚሆን ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነገር ነበረው፤ ለዓመታት «አጋር» እየተባሉ ከውሳኔ ውጭ የኖሩት የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ድርጅቶች ገቡ፤ ይህ ቀላል ፍትሕ አይደለም። ሕወሓት አልገባም አለ። እርስ በርስ መሪ መጣል የሚችሉ፣ የየራሳቸው ሊቀ መንበር ያላቸው ድርጅቶች ግን አብረው ጠፉ፤ በቦታቸው አንድ ፕሬዚዳንት ያለው አንድ ፓርቲ ቆመ። በመጋቢት 2014 የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያካሂድ ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን አዲስ አበባ ውስጥ በቁማር ያስያዘ ሰው አልሰማሁም።

«ቲም ለማ» የሚባለውን ስም የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ያኔ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ባሕር ዳር ላይ «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» ሲሉ አገር ያበደላቸው ሰው ነበሩ። ፓርቲው ሲዋሐድ እንደማይስማሙ በአሜሪካ ድምፅ የኦሮምኛ አገልግሎት ተናገሩ፤ በቀጣዩ ክረምት ከመከላከያ ሚኒስትርነት ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው፣ የአማራ ክልልን በዚያ ወሳኝ ጊዜ የመሩት፣ በነሐሴ 2015 በተወካዮች ምክር ቤት ቆመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተቃወሙ። አቶ ደመቀ በጥር 2016 ከፓርቲውም ከመንግሥቱም ኃላፊነት ወጡ። የሰላም ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት አቶ ታዬ ደንደአ በታኅሣሥ 2016 ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩና ተነሡ፣ ታሰሩም። እነሱም እንደኛው ናቸው፤ በየተራ። አንዱ ሲናገር ሌላው ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ለማ ሲናገሩ ገዱ ቢሰሟቸው፣ ገዱ ሲናገሩ ታዬ ቢቆሙላቸው ምን ይሆን ነበር የሚለውን አሁን ማሰብ ዋጋ የለውም ይሉኛል። እኔ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ።

ብዙ ሰው ፓርቲ ሲባል ባንዲራ፣ ስብሰባና አበል ነው የሚታየው፤ አይፈረድበትም፣ ያየው እሱን ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት አባልነት እምነት ሳይሆን የዕድገት ቅጽ ነው። ብልጽግናም አባሎቼ በሚሊዮን ይቆጠራሉ ይላል፤ ከእነዚያ ሚሊዮኖች ስንቱ ዘንድሮ ስለ መሪው ተጠይቆ ያውቃል? የሰፈራችን ዕድር እንኳ ሰብሳቢውን በአንድ እሁድ ቀይሮታል። ሰውየውን ማንም አልጠላውም፣ ቀድሞም ማንም አላመለከውም፤ ሒሳብ ዘገየበት፣ ኦዲተር ተመረጠ፣ ሌላ ሰው ገባ። እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛል። አገር ዕድር አይደለም፣ አውቃለሁ። ዕድር ጦር የለውም፣ ወርቅ የለውም፣ ጎረቤት አገር የለውም። ግን መሪን ሳያፈቅሩ መሾም፣ ሳይጠሉም መሻር የምንችል ሰዎች መሆናችንን እዚያ አይቻለሁ።

ችግሩ ከዕድር በላይ ስንወጣ ሌላ ልማድ መልበሳችን ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ያልነው እኛው ነን። አጎቴ ሁለት መንግሥት ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። በ1966 ደርግ ሲመጣ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» እያለ ከወጡት አንዱ ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና ሹማምንት በአንድ ሌሊት ተረሽነው ጠዋት በሬዲዮ ሲሰማ ከቤት አልወጣም። ግንቦት 1983 ላይ ኢሕአዴግ ሲገባ ቁምጣ የለበሱትን ልጆች ውኃ ያጠጣ ሰው ነው። በ2010 ሁላችን ስንጨፍር ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዝም አለ፤ «ጋሼ፣ ደስ አላለዎትም?» ብለው «ደስ ብሎኛል፣ ለእናንተ» አለኝ። ያኔ አናደደኝ። ሽማግሌ ሁሉ ጨለምተኛ ነው ብዬ ተነሣሁ። ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ልክ ነበር አልልም፤ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂል ጥበብ የሚመስል ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ። ማዕከላዊ የተዘጋለት እስረኛ ጉልቻው መለዋወጡ ገብቶታል።

ስለ ተቃዋሚዎች አጭር ልበል፣ ብዙ ባወራ እንደ ቂመኛ ያስቆጥረኛል። የእኛ ትውልድ በፓርቲ ተስፋ የቆረጠው በ2010ሩ መሪ ከመቁረጡ በፊት ነው፤ በ1997። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ ጥይት መጣ፤ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ በ1999 ክረምት በይቅርታ ወጡ፣ ወጥተውም ብዙ ሳይቆዩ በማኅተምና በስም ተጣልተው ተበታተኑ። ጥይቱን ገዥው ተኮሰ፤ መበታተኑን ግን ማንም አልተኮሰባቸውም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፓርቲዎች በአብዛኛው የአንድ ሰው ጥላ ናቸው፤ ሰውየው ሲጋበዝ ፓርቲው ይጋበዛል። ከሰኔ 2013 ምርጫ በኋላ፣ ብልጽግና ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ከያዘ በኋላ፣ ከኢዜማ፣ ከአብንና ከኦነግ የመጡ ሰዎች ሚኒስትር ሆኑ። መተባበር ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን ጠዋት ካቢኔ ገብቶ የተስማማ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊጠይቅልኝ አይችልም፤ የመረጥኩት ደግሞ እንዲጠይቅልኝ ነበር።

ገና ያልቆረጠው ጓደኛችን ሲከራከር ከተናገረው ውስጥ መልስ ያጣሁለት አንድ ነገር አለ። «ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ደስ አላላችሁም?» አለን። ደስ ብሎኛል። ከቦንድ ገዥዎቹ አንዱ ነኝ፤ 14 ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው። «ታዲያ ለምን ይህን ሰሞን ብቻ ዝም ትላላችሁ?» አለ። ሀቅ አለው። ተስፋ የቆረጠ ሰው መጥፎ ዜና ይመቸዋል፤ ጥሩ ዜና ሲመጣ ደግሞ ጉድለት ይፈልግለታል። በኮሪደር ልማት የሰፋውን የእግረኛ መንገድ እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የት ገቡ ብዬ የምጠይቀውም በዚያው መንገድ ላይ እየሄድኩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አድካሚ ነው። ጓደኛዬ አንዱን ጥሎ አርፏል፤ ሌሎቹ ጓደኞቼም ሌላውን ጥለው አርፈዋል።

ዕረፍቱ ነው አሁን የሚያሳስበኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ማብራሪያ ሲሰጡ በ2010 ሥራ ትተን እናይ ነበር፤ አሁን የቤታችን ቴሌቪዥን ኳስ ላይ ነው። ወጣቱ ስለ መንግሥት አያማርርም፣ ስለ ቪዛ ነው የሚያወራው። «ፖለቲካ አልወድም» እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ የተናገሩት ምን እንደሆኑ አይተናል፣ ማንም ሰው ጀግና እንዲሆን አልጠይቅም። ግን ይህ ዝምታ ከ2010ሩ ጭብጨባ ጋር እንደሚመሳሰል ልብ ብሎ ያየ አለ? በሁለቱም ጊዜ ሥራውን ለአንድ ሰው ትተንለታል። ያኔ በፍቅር፣ አሁን በመሰላቸት።

የእህቴ ልጅ በ2010 የ10 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዘንድሮ 18 ሞላት። ለመጪው ምርጫ እመዘገባለሁ ብላ ቤተሰቡን በሙሉ አስገረመች። እናቷ «ለማን ልትሰጪ?» አለቻት፣ እኔም ለመቀለድ አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። «የኛ አካባቢ ተወካይ አሁን ማን ነው?» አለች።

ቤት ውስጥ አምስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። ከእኛ ሁለቱ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የልጅነት ታሪክ፣ ሰባተኛ ንጉሥ ትሆናለህ የተባሉትን ጭምር፣ በቃላችን እንወጣዋለን። ተወካያችንን ማንም አላወቀም። ልጅቷ ግን ሕገ መንግሥቱን ስልኳ ላይ ከፍታ አንቀጽ 73ን አነበበችልን፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። «ስለዚህ እናንተ እሱን አልመረጣችሁትም፤ የመረጣችሁት ይህን የማታውቁትን ሰውዬ ነው» አለች። አጎቴ ከሶፋው ላይ ሳቀ። ቀጥላ አንቀጽ 70 ላይ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንደማይመረጥ አየችና የጠቅላይ ሚኒስትሩን ገደብ ፈለገች። የለም አልኳት። «እንዴት የለም?» ብላ እንደገና ከላይ ጀመረች።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተወካያችን ስም ተገኘ። አሁን ደብተር ይዛ ለዕጩዎች የምታቀርበውን ጥያቄ እየጻፈች ነው፤ ስብሰባ ከጠሩ ሄጄ አነሣዋለሁ ትላለች፣ ካልጠሩም ቢሯቸውን ፈልጌ እሄዳለሁ ትላለች። እናቷ ፈርታለች፤ አብረሃት ሂድ ብላኛለችና እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አሳይታኛለች። «ፓርቲዎ ሲሳሳት እጅዎን አውጥተው የተቃወሙበት ቀን አለ? ካለ፣ መቼ ነው?» ይላል።